እንጨቱ ይቀራል

ዛፉ ግንቡን ገፋ፣ ግንቡ ተሰነጠቀ፤
ሐምዳን፣ የቤቱ ልጅ፣ በስልኩ ጠየቀ፦
«ዛፍ ቆራጭ ታውቃላችሁ ራስ አልኸይማ ውስጥ፣
መሰላል ያለው፣ ዋጋው የማያስደነግጥ?»

ማክሰኞ ማለዳ ዚያርጉል ደረሰ፣
የስዋት ተራራ ሰው፣ ጺሙ በሂና የራሰ፣
በነጭ ፒካፕ ላይ ሁለት መጋዝ ጭኖ፣
አንዱ በሞተር፣ አንዱ በእጅ ታምኖ።
ገመዱን ሳያወርድ ዛፉን ዞሮ አየው፤
በመዳፉ መታ፣ ጆሮ ጣል አረገው፤
እንደ ሐኪም ዝም አለ፣ እንደ ሐኪም ቆየ፣
ከዚያ እንደ ነጋዴ ሁለት ዋጋ ለየ፦
«እንጨቱን ከወሰድኩ አራት መቶ ድርሃም፤
‹ትተኸው ሂድ› ካላችሁ ሰባት መቶ፤ አልቀንስም።»

ሐምዳን «ውሰደው» ሊል አፉን ሲከፍት
የእናቱ ድምፅ መጣ ከላይኛው መስኮት፦
«እንጨቱ ይቀራል።»
ሁለት ቃል። መስኮቱም ተዘጋ።

ኡሙ ሐምዳን ስትወስን እንዲህ ነች፤
ዛፉን አትንኩት አላለች፣
ለልጇ ያንን ሰጥታ ይህን አስቀረች።

እኔ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ፣ መጥረጊያ በእጄ፣
ስምንት ዓመት ቅጠሉን የጠረግሁ፣
ስምንት ዓመት እሾሁን ከጫማዬ የነቀልሁ፣
«ሲድር» ሲሉት «ሲድር» የምል፣ ስሙን በሆዴ ይዤ፦
ቁርቁራ ነው እኮ!
አዋሽ ዳር ያለው፣ ፍሬው ፍየል የሚያሳብድ፣
ብዙ የማይጨስ፣ ፍሙ እስኪነጋ የሚነድ።
መተሐራ ለዳቦ ቤት ፍልጥ ሳቀርብ ነው ያደግሁ፤
እንግዲህ ምላሴን መያዝ አልቻልሁ፦
«አምስት መቶ» አልኩት በተሰባበረ ዐረብኛ፣
«አንተ በክንድ በክንድ ቁረጠው፤ ለፍለጣው አለን እኛ።»

ዚያርጉል እጄን አየ፣ ሳቀ።
ሐምዳን እኔን አየ፣ አልሳቀ።
«አምስት መቶ ሃምሳ፣ ከነምሳ።»
በዚህ ተዋዋልን፤ ምሳውም ዓሣ።

ከላይ ጀመረ። ወገቡን በገመድ አስሮ፣
ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሰማዩን መንጥሮ።
ወፎቹ ጎረቤት፣ የውሃ ጋን ላይ ሰፈሩ፤
ጥላ የለመዱት ዶሮዎች ፀሐይ ሲያዩ ተደናገሩ።
ግንዱ ላይ ሲደርስ መጋዙ ጮኸ፣ ብልጭታ ዘለለ፣
ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ ዚያርጉል በፓሽቶ አንድ ነገር አለ፣
ደግነቱ አልገባንም።
በእጅ መጋዙ ዙሪያውን በልቶ ሲከፍተው
ከእንጨቱ ልብ አጠገብ የብረት ቀለበት ነው፣
ዛፉ ዓመት በዓመት እየደረበ የዋጠው።

ኡሙ ሐምዳን ወረደች። ዳበሰችው። ሳቀች፣
የፊቷ ቡርቃ እስኪንቀጠቀጥ፦
«ፍየሏ!» አለች። «ሙሽራ ሳለሁ እዚህ ያሰርኳት፣
ገመዱን በልታ ያመለጠችው!
ባሌ ሦስት ቀን ፈልጓት፣ በአራተኛው
ከሰው ሠርግ ቤት አገኛት፤
ሩዝ ላይ ተኝታ።»

በጋውን ሙሉ ፈለጥሁ። ከሱብሒ በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣
ስንጥቁን እያየሁ፤ እንጨት በወደደው በኩል ነው የሚረታ።
ምስጥ እንዳይደርስበት ከሥሩ ሸክላ አንጥፌ
ጉጣሙን ለብቻ፣ ቀጥ ያለውን ለብቻ
ከጋራዡ ግድግዳ ሥር ደረደርኩ።
ትከሻዬ ለካ አልረሳም ነበር።

ጥር ላይ ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ
ግቢው መሃል አነደድን። ነደደ፣ ቁርቁራ እንደሚነድ።
ሐምዳን ስልኩን አስቀምጦ እጁን አሞቀ፤
«ደግ ነው ያስቀረነው» ሲል፣ የእናቱ ዓይን ሳቀ።

እሱ የማያውቀው አለ።
ዚያርጉል ጉቶውን ሊነቅል ሁለት መቶ ሲጨምር
«ይቅር» ያለችው ለገንዘቡ ሳስታ አልነበረም።
ማታ ማታ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ የውዱእ ውሃዋን
እዚያ ላይ ታፈሳለች፤ እኔም የሩዝ እጣቢዬን።
ሐምዳን እንዳያይ በዶሮው ቆጥ ከልለነዋል።

ትናንት ውሃ ሳፈስ ጣቴን ወጋኝ፤
ለጋ ነው፣ ስንዝር አይሞላም፣ እሾሁ ግን የጎልማሳ።
«ቁርቁራ!» አልኩ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።
«ምን አልሽ?»
ደገምኩላት።
ሞከረችው በጥርስ አልባ አፏ፦
«ጉርጉራ።»
አላረምኳትም።