ኃላፊ ጊዜ

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ወደቡ ሲጨልም፣
ነፋስ ቆርቆሮውን ሲደልቅ ሳያቆም፣
መረብ መጠገኛው መጋዘን ውስጥ ገባን፣
የፑንታ አሬናስ ብርድ ከኋላ እየገፋን።

ኢግናሲያ ጠመኔ አነሳች፣ አስነጠሰች፤
«"አይ ዋንት" አትበሉ፣ ያስቀይማል» አለች።
«ጡት እንዳጣ ሕፃን ዝም ብሎ ይጮኻል።
"አይ ዉድ ላይክ" ስትሉ ፍላጎት ይታጠባል፣
ፀጉሩን ያበጥራል፣
በር አንኳኩቶ ይገባል።»

ሚሬያ፣ የሆቴል አንሶላ ቀያሪ፣
እጇን አወጣችና እንደ ጥሩ ተማሪ፦
«"ዉድ ዩ ላይክ" ስል ውዬ እንግዳ ሳስተናግድ፣
እኔን ማን ጠይቆኝ ያውቃል ቤቴ ስሄድ?»
ሁሉም ሳቀ።
ሳቅ የማያውቅ ሰው አይደለሁም፣
ያን ለት ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ መጣ «ራዘር»፦ ከሁለት አንድ መምረጥ።
ሻይ ወይስ ወተት? መቆም ወይስ መቀመጥ?
ሥጋ ሻጩ ባውቲስታ «ከዝናብ ነፋስ» አለ፤
ኢግናሲያ አረመችው፦ «እዚህ አገር ነፋስ
መቼ ምርጫ ሆኖ ያውቃል?»

በስተመጨረሻ «ዊሽ»፣ የሌለንን መመኘት።
አዛውንቱ ኤለውቴሪዮ፣ ሽርጣን አጥማጅ አርባ ዓመት፣
እርሳሱን እንደ መልህቅ በጡጫው ጨብጦ
«ዋና በቻልኩ» ሲል ጻፈ፣ አንገቱን አቀርቅሮ።
«አርባ ዓመት ባሕር ላይ! ዋና ሳትችል?» አልነው።
«ውሃው በረዶ ነው፤
የዋና ትርፉ ሞትን ትንሽ ማስጠበቅ ነው።»

ኢግናሲያ ግሱን ብቻ አረመችለት፣
ወደ ኃላፊ ጊዜ መለሰችለት።
ሽማግሌው ተቆጣ፦ «ትናንትም አልቻልኩ!
ያልነበረ ነገር በምን ሒሳብ አለፈ?»
ጠመኔዋን አገላበጠች።
«እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ እውነት ያልሆነውን
ከዛሬ ያርቀዋል፣
ሌላ ቦታ ሲያጣ ትናንት ያስቀምጠዋል።
ሰው እንዲያደርግላችሁ የምትሹትንም፣ ገና የነገውን፣
በኃላፊ ጻፉት።»

ሚሬያ በመንገደኞች መርከብ ሥራ አግኝታለች፣
ወሩ ሲያልቅ ትሄዳለች።
እኔም በፈተናው፣ ሰባተኛው ጥያቄ፣
«ምሳሌ ስጡ» ሲል፣ ላብ እስኪያሰምጠኝ ተጨንቄ
«አይ ዉድ ራዘር ዩ ስቴይድ» ብዬ ጻፍኩ፤
ብትቀሪ ይሻለኛል።
«ስቴይድ»፦ ቀረሽ። ገና ሳትሄድ፣ ገና ሳትቀር።

ወረቀቱ ተመለሰ፣ ቀይ ምልክት፣ ሙሉ ነጥብ፣
ዳር ላይ በደቃቅ ጽሑፍ፦ «ግሱ ትክክል ነው።»
ያ «ዩ» ማን እንደሆነ
አልጠየቀችኝም።

ፔንግዊን አሳያቸው ዘንድ ቱሪስት በማመላልስባት መኪና
የሚሬያን ሻንጣ ጫንኩ።
መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ስደረድር መጣሁ፦
ዉድ ላይክ፣ ዉድ ራዘር፣ ዊሽ።
ወደቡ ስንደርስ ግን አፌ ላይ የመጣው
ያ የተከለከለው፣
ያልታጠበው፣ ያልተበጠረው ነው።
ዋጥኩት።

«ሒሳብ ስንት ነው?» አለችኝ።