መሰላል

ብሬመርሃፈን ላይ፣ ግንቦት ሲገባደድ፣
ጉም ከባሕር ወጥቶ ወደ ሜዳ ሲሰደድ፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት ነፋስ ሲያንገዳግድ፣
ሦስት ሺህ ሰው ቆመን፣ ስንጸልይ ላለመውረድ።

ሂሳቡ ይሄ ነው፦ እኛ ማሸነፍ፣
እነዚያ፣ በደቡብ፣ ደግሞ መሸነፍ፣
ከዚያ የጎል ልዩነት፣ ከዚያ... ሂነርክ ሲጽፍ፣ ሲጽፍ
የትኬቱ ጀርባ ሞልቶ ተረፈው የእጁ መዳፍ።

አርባ ዓመት በወደብ ክሬን ሰማይ ለሰማይ የኖረ፣
ዕቃ ሲያነሳ ሲያወርድ፣ ሲያወርድ ሲያነሳ ያደረ፤
«ማውረድስ ሥራዬ ነበር፤ መውረድን ማን አስተማረ?»

ከጎኑ ዴትሌፍ አለ። ወንበራቸው ተጋጥሞ፣
ቤታቸውም አጥር ላጥር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ገጥሞ፤
ግን አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፣ ኩርፊያቸው እንደ ቅርስ ከርሞ።
ነገሩ የመሰላል ነው። ዴትሌፍ ተውሶ ወሰደ፣
ሂነርክ «መልስ» ቢለው «መልሻለሁ» ብሎ ካደ።
ከዚያ ወዲህ ጎል ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ዘሎ ሲነሳ፣
አንዱ ወደ ግራ ያቅፋል፣
አንዱ ወደ ቀኝ፤ መሃል ይቀራል ጠባሳ።

እኔ ከኋላቸው ነኝ። የሁለቱን ማጅራት
እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ፣ ስንቱን ክረምት፣ ስንቱን ዓመት፤
የሂነርክ ጆሮ ከቀላ፣ ኳሱ እኛ በር ላይ ነው፣
ዴትሌፍ ቁልፉን ከፈታ፣ ጎል ልናገባ ስንል ነው።

በሃያኛው ደቂቃ ያኒክ፣ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ፣
በእግሩ አይደለም፣ በጉልበቱ፤ ጎል ግን ጎል ነው እንጅ።
አንድ ለባዶ። ጥሩ። ግማሹ ሆነ። የቀረው
ግማሽ ግን እኛ ጋ የለም፣ በሌላ ሜዳ ነው ያለው።
የሂነርክ ሬዲዮ፣ በፌስታል ተጠቅልላ በጉያው፣
ታቃስታለች እንጂ አትናገር፤ ጉሙ ይሆን ድምፅ የበላው?

አሁን ልናዘዝ፣ ስሙኝ።
ሰማንያ ሦስተኛው ላይ ከታች አንዲት ሴት ጮኸች፤
ትኩስ ሾርባ ጭኗ ላይ ደፍታ ይሆናል ያለቀሰች፤
አፌ ከጆሮዬ ቀድሞ «ገባባቸው!» አልሁኝ።

አንድ ቃል ናት። ፊቴ ያለው ለጎኑ፣ ጎኑ ለጎኑ፣
ሰሜን ጥግ ስትደርስ ሁለት ጎል ሆና ነበር፤ ሁሉም አመኑ።
ዞራ ወደ እኔ ስትመጣ እኔው ራሴ አመንኋት፣
የወለድኋትን ውሸት እንደ እንግዳ አቀፍኋት።

ሦስት ሺህ ሰው ዘለለ። የቆርቆሮው ጣሪያ ራደ፤
የማያውቀውን ሰው ጉንጭ ሰው እየሳመ አበደ፤
የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲስቅ ወደቀ፣
ከወንበር ሥር ለቅሞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ከትቶ ሳቀ።

ሂነርክም ዞረ። በየት? በተከለከለው በኩል።
ዴትሌፍም ዞረ። ሁለት አዛውንት፣ በቁመት እኩል፣
አፍንጫ ላፍንጫ ቆመው አንድ ትንፋሽ ያህል ፈሩ፣
ከዚያ ተቃቀፉ። በቃ። አጥንት ላጥንት ተሳሰሩ።

አራት ደቂቃ ቆየ። አራት ደቂቃ ዳንን።
ከዚያ ሬዲዮዋ ተናገረች፣ ድምፅዋ እንደ ደወል ጠርቶ፦
ባዶ ለባዶ እንዳሉ ናቸው፤ ጎል የሚባል የለም ከቶ።
ዝምታው ከጥግ ጀምሮ እንደ ጉሙ ተሳበ፤
ዘፈኑ መሃል ላይ ተቆርጦ
አንድ ሕፃን ብቻ አጨበጨበ።

ፊሽካው ተነፋ። አንድ ለባዶ። አሸነፍን። ወረድን።
ዝናብ ወረደ። በደረጃው እኛም አንድ በአንድ ወረድን፤
«ማውረድስ ሥራዬ ነበር» አላለም ሂነርክ ያን ቀን።

ጎሉ የለም፤ አልነበረም። ያ እቅፍ ግን ነበረ፤
የትኛው የመስመር ዳኛ ባንዲራ አንስቶ ሻረ?
በሩ ላይ ሂነርክ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቃል የሚያወጣ ይመስል፤
ዴትሌፍ ኮፍያውን ነካ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምን ይበል?

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ በሂነርክ አጥር ላይ
ዝናብ የጠጣ መሰላል ቆሟል፣ አንድ እርከን የጎደለው፣ ወደ ላይ።
ማን አቆመው፣ በስንት ሰዓት፣ ብዬ እኔ አልጠየቅሁም፤
የኔንም ነገር እስከ ዛሬ ለሁለቱም አልተናገርሁም።

ነሐሴ ላይ ሊጉ ይጀምራል፣ አሁን በታችኛው፤
ትኬቴን ገዝቻለሁ። ያው ወንበር ነው፤ ከኋላቸው።