የእናቴ በርሜል

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወዲህ፣ ከአባቴ ጋራዥ ኋላ
አንድ በርሜል ነበረን፣ ወገቡ የላላ፣
ፊት ናፍጣ የጠጣ፣ በኋላ ውሃ የሞላ።
ቧንቧው በሳምንት አንዴ እያሳለ ሲመጣ
እናቴ ሉባባ፣ ከሌሊቱ ነቅታ፣
በጣሳ ትሞላው ነበር፣ ጠብታ በጠብታ።

ያኔ ነው የመጣው የፋብሪካው ሰው፣
ጨርቃ ጨርቁ ማሽን ሲታመም ያስጠራው።
ስሙ እንድራ ነበር፣ ባፕቲስት የአባቱ፣
እኛ ሠፈር ሲደርስ «እንድሪስ» ሆነ በየቤቱ።
አገሩን ቢጠይቁት ወለሉን አየና
የፈሰሰ ዘይት ላይ አንዲት ዳዶ ጣለና
«ዘይቱ ባሕር ነው፣ ዳዶዋ ትሪኒዳድ» አለን።
ዳዶዋ መሃሏ ቀዳዳ ነበር። እሱንም አየን።

«ዘርህስ?» አሉት ጋሽ ይመር፣ ጎማ ላይ ተቀምጠው።
በጣቱ ቆጠረ፣ ጥቁር ቅባት በነካው፦
«አንዱ ከአፍሪካ ነው፣ በሰንሰለት የመጣ፣
አንዷ የህንድ ልጅ ናት፣ በውል፣ ለሸንኮራ ቆረጣ፣
አንዱ እስፓኞል ነበር፣ ኮኮዋ የተከለ፣
አንዷ ግን ሕዝቧ ነው ከሁሉ ቀድሞ እዚያ የዋለ።
በእኛ ቤት ገና አለ፣ ዲዋሊ አለ፣ ኢድ አለ፤
ሳህን ከቤት ቤት ካልዞረ፣ በዓሉ ገና አልዋለ።»

ጋሽ ይመር ሳቁ፣ ጥርስ በሌለው ድዳቸው፦
«እኔ ይመር ነኝ፤ ወልዴ አባቴ፣ ሐሰን አያቴ ናቸው፤
እናቴ ወረባቦ፣ ሚስቴ ከአርጎባ፤
ይኸ ምን ይቆጠራል? ወሎዬ ነህ፣ ግባ!»

አንድ ቅዳሜ ነው፣ ገበያው በቆመበት፣
በርሜሉን በጣቱ መታ፣ ጆሮውን ለጠፈበት።
አባቴ እምቢ ማለት ከእናቱ አልተማረም፤
መጋዙን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም።
እናቴ ከወፍጮ ስትመለስ፣ የዱቄቱ ጆንያ ከብዶ፣
የበርሜሏ ቂጥ ተቆርጧል፣ እንደ ገበቴ ሰርጉዶ።
«ውሃዬን በምን ልያዝ? በመሃረቤ?» አለች፤
ሦስት ቀን ለሦስታችንም ቃሏን ቆለፈች።

እሱ እየደበደበ ነገረኝ፣ በተሰባበረ አማርኛ፦
«ገዢ ከበሮ ከለከለ። እንቅልፍ ነሳን ብሎ። እኛ
ቀርከሃ ቆረጥን፣ መሬት መታን። ቀርከሃም ተከለከለ።
የብስኩት ቆርቆሮ። የቆሻሻ ክዳን። የተጣለ ሁሉ አለ።
ኋላ ነዳጅ መጣ፣ በርሜል መጣ። ምኑን ይከልክሉ?
ብረት ሁሉ ይከልክሉ?»
መዶሻው መለሰለት።

አሮጌ ጎማ አንድዶ በእሳት አስጠቆረው፣
በጠመኔ ክብ ክብ እያደረገ ከፈለው፤
ክቡ ሁሉ ድምፅ አገኘ፣ አንዱ ብቻ አስቸገረው።
በአራተኛው ቀን፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ጀርባዋን እንደ ሰጠች፣
ምስር የምትለቅም እናቴ
«ያቺ አራተኛዋ» አለች፣ «ዋሸች።»
መታ። «ገና ነች።»
መታ፣ በስሱ። «አሁን ደግሞ አለፈች።»
መታ። ከምስሩ ጠጠር ለቅማ ጣለችና
«እህ» አለች። «አሁን አመነች።»

ማን አስተማራት? ማንም። የባቲ ልጅ ናት፣ ከጡት ጋር ጠብታ፣
በሰኞ ገበያው ዜማ፣ ከእናቷ ጀርባ ተኝታ።
እሱ የደሴቱን ሲፈልግ፣ ብረቱ ባቲን ተቃኘ፤
ውሃ ውሃ የሚል ድምፅ፣ ከናፍጣ ዕቃ ተገኘ።
ጋሽ ይመር ጎማው ላይ፣ ትከሻቸው ከዳቸው።

ውሉ አለቀ። ለእናቴ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ገዛ።
«የበርሜሌን ሩብ አይሆኑም» አለችው፣ እንደ ዋዛ።
አውቶቡሱ ሐረጎን ሲወጣ ግን ቆማ ነበር፣ እጇ ግንባሯ ላይ፣
አቧራው ከመንገዱ እስኪወርድ፣ ምንም እስከማይታይ።

አሁን እኔም ሸብቻለሁ፣ ጋራዡም ዳቦ ቤት ሆኗል፤
የበርሜሉ ቂጥ ከሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር ወድቋል።
ሐምሌ ሲገባ ጠብታው ከክብ ክብ ይዘልበታል፤
ለእኛ የደከመው የእናቴ ጆሮ፣ ለእሱ ይነቃል።
ከአልጋዋ ቀና ትልና
«ያቺ አራተኛዋ ደግሞ ዋሸች» ትላለች፣
«እንድሪስን ጥሩልኝ።»