የጤ እግር

አባቴ አራዳ ላይ ማስታወቂያ ጻፊ ነበር፤
ቆርቆሮ ገዝቶ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መሰላል ላይ የሚያድር።
ሥጋ ቤቱን በቀይ፣ መድኃኒት ቤቱን በአረንጓዴ፣
ጠጅ ቤቱን እንደ ስሜቱ፣ ቢጫም ሰማያዊም አንዳንዴ።

አዘዞ ላይ አንድ ቀን፣ ከጤና ጣቢያው በር፣
ሲጽፍ ውሎ መሸበት። ቀለም አልቆበት ይሁን
ወይ ዓይኑ ደክሞ፣ እንጃ። ሲወርድ ከመሰላሉ ዳር
ከ«ጤ» እግር ሥር ያለችውን ቀለበት ረስቷት ነበር።

ሲነጋ ሰው ተሰበሰበ፤ «ጠና ጣቢያ» ብሎ አነበበ፤
«ለካስ የሚጠናብን እዚህ ነው!» እያለ ዘበኛው አሽካካ፤ መንገደኛው ተከበበ።
አባቴ አልሳቀም። መሰላሉን ተሸክሞ ተመለሰ፤
በብሩሽ ጫፍ ጠብታ አንሥቶ፣ እግሯ ላይ አዙሮ፣ የተረፈውን በአውራ ጣቱ አበሰ።
ጠና፣ ጤና ሆነ።
«ና» ከቦታው ሳይገፋ። ቆርቆሮው ሳይለወጥ።

እኔ ልጁ ደግሞ፣ ማራኪ ዳገት ላይ ካለ ቤተ ሙከራ
ጓንት አጥልቄ፣ በማይታይ ፊደል እግር ላይ ስዳክር፣ ስሠራ።
አራት ፊደል ብቻ ያለው ገበታ ነው የተሰጠኝ፤
ከስኳሩ ሁለተኛ ክንድ ላይ፣ ሜትል እንዳንጠለጥል ነው የታዘዝኩኝ።
አንድ ካርቦን፣ ሦስት ሃይድሮጅን። በቃ።
ያቺ ከሌለች፣ ክሩን የደም መቀስ ይከታትፈዋል፤
ያቺ ካለች ግን ዳሰስ አድርጎ፣ «ይሄስ የኔ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል።

መንገዱ ሁለት ነው።
አንዱ የአባቴ የፕላስተር መንገድ፤
ቀለም የማይነካውን ሸፍኖ፣ ቀብቶ፣ ልጦ የሚሄድ።
ሞለኪዩሉ እጀ ብዙ ነው፤ ሁሉም ይዘረጋል፤ እሸፍናለሁ፤
አንዱን እጅ ብቻ ራቁቱን አስቀራለሁ።
ከዚያ ሜትሉ፤ ከዚያ ልጣጭ፤ ከዚያ ደግሞ እጥበት፤
የአባቴ እጅ አኳራጅ ይሸት ነበር፣ የኔ ፒሪዲን፣ ያደረ ዓሣ ያለበት።
ሰባት እርምጃ ነው፤ በየእርምጃው ይፈስሳል፤
መቶ ሆኖ ተነሥቶ፣ አሥራ አንድ ሆኖ ይደርሳል።

ሁለተኛው፣ የአባቴ እጅ እንጂ ፕላስተሩ አይደለም።
ኢንዛይሙ መሸፈኛ አይሻም፤ ዳብሶ ያውቃል፤ አይስትም፤
በውኃ ውስጥ፣ በሰው ገላ ሙቀት፣ ሜትሏን ከሰጪ ተቀብሎ
ከቦታዋ ያኖራታል፣ አንዱን ክንድ ከሌላው ነጥሎ።
ግን ቅምጥል ነው። በረዶው ሲቀልጥ ይከፋዋል፤
የተጣጠፈው ገላው ተፈትቶ፣ እጥፋቱን ይረሳዋል።

ሐሙስ ለት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም።
አንጓች «እንግዲህ?» አለች። ቃል አልወጣኝም።
ሳጥኔን አቅፌ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ሮጥኩ፤
ከጎርጎራ ዓሣ የምታመጣዋን ፈንታነሽን በረዶ ለመንኩ።
«ለምንሽ ነው?» «ፊደል የሚያርም ነገር አለኝ፣ ይሞትብኛል።»
አካፋ ሰጠችኝ፤ «ከቆሮሶው ሥር ቆፍሪ፣ ደህናው እዚያ ይገኛል።»
ያን ሌሊት እኔና አንጓች በሻማ ስንጠብቅ፣
ጠና ወይ ጤና ሳይለይ፣
ቤቱ ጣና ጣና ሸተተ።

በሦስተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወረቀት መጣ፤
ክብደቱ በአሥራ አራት ጨምሯል፤ አንድም አልታጣ።
ሜትል ስትገባ፣ ሃይድሮጅን ስትወጣ፣ ልክ አሥራ አራት!
ለአባቴ ልነግር ገባሁ፤ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ ተቀምጧል ከደጃፉ ፊት።

እስኪገባው አስረዳሁት። ዝም አለ። ጣቱን በአየር ላይ አዞረ።
«በየትኛው እግሯ ነው?» አለ። «በቀኟ ነው፣ በግራዋ?»

ሚዛኑ «አለች» ይላል እንጂ «የት» አይልም።
«አላውቅም፣ አባዬ» አልኩት።
«እንግዲያ መሰላሉን አትመልሺ» አለኝ።