የግራው ፍሪሲዮን

ሐሙስ ጠዋት መጣ፣ በሎቤድ ተጭኖ፣
ሰንሰለቱ ዝጎ፣ ቢጫው ነጭ ሆኖ።
ነጂው ጋሽ ደበላ
ከፍራንኮ ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣ፣ ከሎቤዱ ኋላ፤
«ጋቢና ቦታ ሳለ ምነው በእግር?» ስንለው
«በሽተኛ ሲጫን አስታማሚ አለው።»

ሕመሙ ይህ ነበር፦
ባዶውን ሲሄድ ደህና ነው፣ ቀጥ ያለ እንደ ክር፤
አፈር ሲገፋ ግን ግራው ይለግማል፣
ሞተሩ ይጮኻል፣ ቀኙ መሬት ይቧጥጣል፣
ግራው ቆሞ ያያል።
ወንጂ ዳር፣ ከሸንኮራው ጀርባ፣ አንድ ጎባጣ ቦይ አለ፤
አላፊው ቆም ብሎ ያደንቀዋል፣ «የመሐንዲስ ጥበብ!» እያለ።
ጥበብስ የለበትም፤
ያለቀ ፍሪሲዮን ነው፣ ውሃው ግን አያውቅም።

መሪ የለውም ይህ ብረት፤
ሁለት ማንሻ ነው ያለው፣ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ፍሪሲዮን አሉት።
የግራውን ስትስብ ግራው ሥራውን ይለቃል፣
ቀኙ ብቻውን ይገፋል፣
ማሽኑም ወደ ለቀቀው ይዞራል።
መዞር ማለት ይኸው ነው፤ አንዱን ወገን ማሳረፍ።
ሸምሱ ይህን ያስተማረኝ በካቻቢቴ እጀታ ነው፣ አይደለም በመጽሐፍ።

መቀመጫውን አነሳን፣ ሰልባትዮውን አወረድን፣
ሰባት ቡሎን ተፈታ፣ ስምንተኛው እምቢ አለን።
ናፍታ አጠጥተን ተውነው፣ አደረ፤
በማግስቱ፣ እንዳኮረፈ ዘመድ፣ በራሱ ጊዜ ዞረ።

ዲስኮቹን ዘረገፍን፤ ብረት፣ ሸራ፣ ብረት፣ ሸራ፣
አሥር ከቀኝ፣ አሥር ከግራ።
የቀኙ ሸራ ገና ሥጋ አለው፤
የግራው ግን አልቆ፣ ሪቬቱ አግጦ፣ ዘይት ጠጥቶ ጥቁር ነው።
ሸምሱ አሸተተውና «ሸራው አይደለም» አለ፣ «የበደለው።»
ጣቱን ሰደደ ወደ ጨለማው፣ ወደ ውስጥ፣
አወጣ አንዲት የዘይት ጎሚኒ፣ ከንፈሯ የተሰነጠቀ፣
ዋጋዋ ከአንድ ሽሮ የማይበልጥ።
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ስትል ኖራለች፣
ግራው ሰነፍ ተብሎ ሲሰደብ እሷ ዝም ብላለች።

ሦስት ቀን ሸራ ቆረጥን፣ በሳን፣ መታን፣
ቶርኖ ቤት ወስደን የከበሮውን የተበላ ጥርስ አስተካከልን፣
የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያመጣብን በአንሶላ ጋረድን።
(አንሶላውን የሸምሱ ሚስት እስከ ዛሬ ትፈልጋለች፤
ከእኔ አልሰማችም።)
ተራራው ላይ እነዚያ ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች ይዞራሉ፤
መዞር ለእነሱ እንዴት ቀላል ነው፣ ምንም ሳይለቁ ይውላሉ።

እሑድ ከሰዓት ሞተሩ ተነሳ። ጋሽ ደበላ ወጣ፣
አካፋውን አውርዶ አፈር ገፋ። ማሽኑ ወደ ቀኝ!
የውሃ በርሜላችንን ደፍጥጦ አጥሩን ሊያፈርስ ቃጣ።
«ቀኙን ምን ነካው?» አለ ሸምሱ፤
ላብ ወረደው፣ ጥፋቱን ይፈልግ ጀመር ከራሱ።
እኔ ያየሁት ግን እጅ ነው፤
ሃያ ዓመት ግራው ሲከዳ፣ የቀኙን ማንሻ ሁለት ጣት ያህል እየሳበ
መንገድ ያቀና እጅ፣ ማንም ሳያየው፣ ባለቤቱም ሳያውቀው።
«ልቀቀው!» «ለቅቄያለሁ!» እጁ ግን ይስባል፤
ብረቱ ድኗል፣ ክንዱ ገና ያነክሳል።
ጎሚኒ የለው፣ ሸራ የለው፣
በምን እንጠግነው?

ወደ ማታ ጋሽ ደበላ ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር ከተተና
ተቀመጠበት።
ሄደ፤ ቀጥ ብሎ፣ አፈሩን እየገፋ፣ እስከ አጥሩ ድረስ።
እኛ አጨበጨብን። እሱ ዞሮ አላየንም።
ያ እጅ ከጭኑ ሥር ሆኖ
የሌለ ጉድለት ሲያቀና፣ የሱሪውን ጨርቅ ወደ ኋላ ሲስብ አየሁት፣
ሁለት ጣት ያህል፣
ሁለት ጣት ያህል።