ተራ ቁጥር ሰባት

ቅዳሜ ረፋዱን፣ ደምበጫ አዳራሽ፣
ስብሰባ ተጠርቶ፣ ገባ ሹፌር፣ ገባ አራሽ።
አጀንዳው አንድ ነው፣ ባለ አንድ መስመር፦
«በነዳጅ ላይ ቀረጥ፣ ለመንገድ ጥገና፣ ስለመጨመር።»
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም፣
የተባለን እጽፋለሁ፤ የታሰበ አይመለከተኝም።

ባለሙያው ተነሣ፣ ከዞን የመጣው፣
መነጽሩን ጠርጎ፣ ጥናቱን አወጣው።
«በሊትር ጥቂት ሳንቲም፣ ጠብ ጠብ እያለች፣
ዓመት ስትጠራቀም፣ አስፋልት ትሆናለች።
የነዳ ይክፈላት፣ ያልነዳ አይነካ፣
ፍትሕ ማለት ይኸው፣ በሊትር ሲለካ።»

ብድግ አለች ጥሩዓለም፣ በርበሬ ነጋዴ፣
«ያልነዳ አይነካም? ምን ማለት ነው እንዴ!
ናፍጣ ሲጨምር፣ አይሱዙው ይጨምራል፣
አይሱዙው ሲጨምር፣ ጆንያዬ ይከብዳል፣
ጆንያዬ ሲከብድ፣ ወጥ ሠሪው ያማርራል።
መሪ ሳልጨብጥ፣ ወንበሩን ሳላውቀው፣
በመቀነቴ ነው፣ መኪና የምነዳው።»

አንድ አራሽ ከጥግ፦ «አህያዬ ናፍጣ አትጠጣ፣
እግሯን ግን ሰበረች፣ እዚያው ጉድጓድ ላይ፣ ድንች ጭና ስትመጣ።
እሷ በሊትር ስንት ትክፈል?» አለና ተቀመጠ፣
ባለሙያው ወረቀቱን ገለጠ፤ ደግሞም ገለጠ።

ልየው ሚኒባሱ፣ እጅም አላወጣ፣
የተሰበረ ባሌስትራ ይዞ ነው የመጣ።
ጠረጴዛው ላይ ጣለው፣ ቋ አለ ብረቱ፦
«ይቺ ናት ቀረጤ፤ በወር አንዴ በበጋው፣ ሦስቴ በክረምቱ።
ለጉድጓድ ስገብር፣ ደረሰኝ የለኝም፣
ወይ ሳንቲሙን ውሰዱ፣ ወይ ጉድጓዱን ተዉልኝ፤ ሁለቱን አልችልም።
ግን ሳንቲሟ ሄዳ፣ ሌላ አገር ስታነጥፍ፣
እንዳላይ ብቻ፣ የፈረስ ቤት መንገድ በዝምታ ሲታለፍ።»

እኔም ጻፍኩ፦ «ተሳታፊው አስተያየት ሰጠ።»
ባሌስትራውስ? ከቅጹ አመለጠ።

«መንገዱማ» አሉ ሰብሳቢው፣ «ዝም ብሎ አልተተወም፣
አምና ተከፍሏል፤ ሰነዱም አልጠፋም።»
«እውነት ነው» አለ ልየው፣ «ተከፍሏል ከመሐሉ፣
ግራው ወደ ተምጫ፣ ቀኙ ወደ ገደሉ።»
ሳቅ ሞላ አዳራሹን። ሳቅ ነጥብ አይደለም፣
«ተከፍሏል» ብዬ አሰፈርኩ፤ የቱን እንደሆነ አልጨመርኩበትም።

ውሳኔ፦ ይጠና። ኮሚቴ ተመረጠ፣
የላስቲክ ውሃ ታደለ፤ ሰው ወደ በር ሮጠ።

ማታ በልየው መኪና፣ ተጠጋግተን ስንወርድ፣
ጥሩዓለም ከነጆንያዋ፣ ባለሙያው ከነሰነድ
(ነገ ፈረስ ቤትም፣ ያው ስብሰባ አለበት)፣
ከመታጠፊያው ስንደርስ፣ ጭቃው ከሚበዛበት፣
ገመድ ተወጥሯል፣ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ፣
አስረበብ ቆሟል፣ አካፋ ተደግፎ፣ በመንገዱ ጫፍ።
ማንም አልቀጠረው፤ ስብሰባም አልጠራው፣
ድንጋይ በትከሻ ነው፣ ከወንዝ የሚያመጣው።
ጉድጓዱን ይሞላል፣ ከማሳው ጥግ አፈር ቆርሶ፣
ዝናብ ሲወስደው፣ ነገም ይሞላዋል መልሶ።

ልየው መስኮት አውርዶ፣ ሃያ ብር ዘረጋ፣
አልተከራከረም፤ አላለም «ስለምን? በማን ዋጋ?»
ጥሩዓለም ፈታች፣ መቀነቷን ሳትጠየቅ፣
አጎንብሳ ቆጠረች፣ ማንም ሰው እንዳያውቅ።
ባለሙያው ብሩን በጣቱ ጫፍ ይዞ፣
«ደረሰኝ አለህ ወይ?» አለ፣
በቀልድ ይሁን በልማድ፣ እኔንጃ።
አስረበብ አልሳቀም፤ ገመዱን ፈታና፦
«ሂድበት» አለው፤ «ደረሰኙ ያው ነው፣ ካለፍህ በደኅና።»

አለፍን። ጎማው አዲሱን አፈር ሲረግጥ፣ ለስለስ አለ፣
ለሦስት ሜትር ያህል፣ ማንም ምንም አላለ።

ከዚያ ሌላ ጉድጓድ። ልየው ሲጠመዝዝ፣ ባለሙያው ሲቃትት፣
መዝገቤን ገለጥኩ፣ ልጨምር አንድ ነጥብ፣ ተራ ቁጥር ሰባት፤
መኪናው ነጠረና፣ እስክሪብቶዬ ዘለለ፣
ገጹ በሰያፍ መስመር፣ ለሁለት ተከፈለ።

ሰኞ ቢጠይቁኝ፣ «ይህን ማን ጻፈው?» ብለው፣
«መንገዱ» እላለሁ፤
እጁን አውጥቶ ነበር፣ ዕድል የነሣነው።