ተራ

ለሰው ሰላምታ ተራ ነገር ነው፤
ለልጄ ለሚፍታህ ግን፣ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው።
«እንዴት አደርክ?» ስትለው ጎረቤታችን ከደጃፍ፣
ቆሞ ሌሊቱን ይቆጥራል፣ ጣቱን አንድ ባንድ ሲያጥፍ፦
«ሦስት ጊዜ ነቃሁ።
አንዴ ውሻ ጮኸ፣ አንዴ ዝናብ ቆርቆሮውን መታው፣
ሦስተኛውን አላወቅሁ…»
እሷ ግን ዘንቢሏን ይዛ ሰኞ ገበያ ወርዳለች፤
መልሱ ደጃፉ ላይ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል።

«አድጎ ይተወዋል» ያለኝ አለ፤
«ጠበል ሞክር» ያለኝ፣ «ዱዓ ይደረግ» ያለኝ አለ፤
«ቅብጠት ነው፣ ግረፈው» ያለኝም አለ፣
ስሙን አልጠራውም፣ ዛሬም ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ ነኝ።
«አብሽር» ያሉኝ ብዙ ናቸው።
አብሽር ደግ ቃል ነው፤
ግን አቅጣጫ አያሳይም፣ ጉም ውስጥ ለቆመ ሰው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ፒያሳ፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር፤
የማውቀው መለካት ነው፣ መቅደድ ነው፣ መቋጠር።
የሸሚዙ ማርካ አንገቱን እየበላ ሲያስለቅሰው፣
ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት።
የቀረው ግን በመቀስ አይሆንም፤
ሰው ከሰው የሚቆምበት ርቀት በየትኛው ሜትር ይለካል?
የወሬ ጠርዙ የቱ ነው? የት ላይ ይታጠፋል?

መምህርት ብርቅነሽ ካርቶን ላይ ሥዕል ሣለችለት፦
ቁም።
ተመልከት፤ ዓይን ከከበደህ ግንባር ማየት ይበቃል።
ተናገር።
ጠብቅ።
ሦስቱን በሳምንት ያዘ፤ አራተኛው ላይ ተጣላን።
የባጃጅ ሰሌዳ ከጀመረ መቼ ይጠብቃል!
ከቧንቧ ውሃ እስከ ሆጤ ቁጥሩን ይደረድራል፤
ሰሚው ጥሎት ቢሄድ እንኳ፣ ለግድግዳው ይጨርሳል።

ይህን የሰማ ይማም፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪው፣
«እሱማ የኔ ሥራ ነው» አለ፣ ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣው።
«ና፣ እዚህ ቁም። የፊተኛው ሞልቶ ሲሄድ የኋላው ይጠጋል።
ወሬም እንዲሁ ነው፣ ጌታው፤
አንተ ጫንክ፣ ወጣህ፤
አሁን የኔ ባጃጅ ተራው ነው።»

በልጉን ሙሉ፣ ጦሳ ጉሙን ሲለቅብን፣
ከትምህርት መልስ እዚያ ቆሙ።
አንድ ዓረፍተ ነገር ሚፍታህ፣ አንድ ይማም።
አንዳንዴ ሁለት ለሚፍታህ፤ ይማም ያልፍለታል።
አንድ ቀን አንዱ ሹፌር፣ ለጨዋታ ብሎ፣ ከጆሮው ሥር ክላክስ አደረገ፤
ልጄ ጆሮውን ይዞ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።
ይማም ሰልፉን አቆመ። አልጮኸም።
«ከዛሬ ወዲያ እዚህ ክላክስ የነካ፣
የመጨረሻ ተራ ይይዛል።»
ደሴ ውስጥ ጸጥ ያለ ባጃጅ ተራ ካያችሁ፣ የኛ ነው።

አንድ ማክሰኞ ይማም ቀረ።
«ተራው ተበላሸ» አለ ሚፍታህ፤
ሜትሬን ከአንገቴ ስቦ ወጣ፤
ተከተልኩት በሸዋ በር ቁልቁል፣ መርፌ ደረቴ ላይ እንደተሰካ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ይማም ፍራሽ ላይ ነው፣ ጋቢ ተከናንቦ።
ልጄ ቆመ። ግንባሩን አየ።
«እንዴት አደርክ?» አለ።
ጠበቀ።
እኔም አብሬው ጠበቅሁ፤
እንደዚያ ረዥም ዝምታ ለክቼ አላውቅም።
ይማም «አልሐምዱ…» ብሎ ጀመረና
ልጄን አይቶ ተወው።
«አላደርኩም፣ ሚፍታህ። ሲያስለኝ ነጋ።»

ሚፍታህ ገባ። ከፍራሹ ጫፍ አንድ ክንድ ርቆ ተቀመጠ።
ጣቶቹን ዘረጋ፣ ሊያጥፋቸው አዘጋጀ፣
ማንንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ፦
«ስንት ጊዜ ነቃህ?»

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።
የኔ ተራ አልነበረም።